ሞተር ሳይክል ሲያቆሙ፦ በፍሬን፣ በማርሽ ወይስ በሁለቱም?

ፊት ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማውረድ ድንገት ጥግ ይይዛል፤ ወይም መብራቱ ቀይ ይበራል። ሞተረኛው ያኔ ከአራት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። ፍሬን እየያዘ ማርሹን አንድ በአንድ ይቀንሳል፣ በየማርሹ ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከኋላ ጎማው የሚለያየውን እጀታ) እየለቀቀ። ወይም ፍሪሲዮኑን ጨብጦ በፍሬን ብቻ ይቆምና ማርሹን እንደጨበጠ እስከ አንደኛ ይረግጣል። ወይም በያዘው ማርሽ ቆይቶ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ሁለት ማርሽ በአንዴ ዘሎ ይለቃል። አለበለዚያ ዜሮ ማርሽ አስገብቶ ይንሳፈፋል።

ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ብቻውን ለሚሄድ ሰው፣ አራቱም ያቆማሉ። ልዩነታቸው የሚወጣው መንገዱ ሲረጥብ፣ ከኋላ ሰው ሲጫን፣ ቁልቁለቱ ሲረዝም ወይም ልጅ ከመኪና መሀል ሮጦ ሲወጣ ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ለማቆም የተሠራው ፍሬን ነው። ማርሽ የሚቀነሰው ከዚያ በኋላ ለሚመጣው፣ ማለትም ለመነሳት ወይም ለማምለጥ፣ ዝግጁ ለመሆን ነው። ዋናውን የመያዝ ሥራ ማርሽ የሚረከበው ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው።

ማርሽ በምን ኃይል ይይዛል?

ነዳጅ መስጫውን ሲመልሱ የካርቡራተሩ በር ይዘጋል። ፒስተኑ ግን የኋላ ጎማው እየጎተተው መውጣት መውረዱን አይተውም። ሲወርድ አየር ለመሳብ ይታገላል፤ መግቢያው ደግሞ ተዘግቷል። ይህ ባዶ የመሳብ ትግል ከሞተሩ የውስጥ ሰበቃ ጋር ተደምሮ ጎማውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ብዙ ሰው የሚይዘው ኮምፕሬሽን ነው ይላል። የታመቀው አየር ግን ፒስተኑን መልሶ ስለሚገፋው፣ የወሰደውን አብዛኛውን ኃይል ይመልሳል።

ከዚህ የሚከተሉ ሦስት ነገሮች አሉ። መያዙ በኋላ ጎማ ብቻ ነው፤ ሲቆሙ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ትልቁን ሥራ መሥራት የሚችለው የፊት ጎማ ነው። ሁለተኛ፣ የሞተሩ ዙር ከፍ ባለ ቁጥር መያዙ ይበረታል፤ ስለዚህ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሁለተኛ ማርሽ ከአራተኛው እጅግ አብልጦ ይይዛል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፦ በማርሽ ብቻ ሲቀንሱ የፍሬን መብራት አይበራም። ከኋላ ያለው የሲኖትራክ ሹፌር እርስዎ መቀነስዎን የሚያውቀው ሲደርስብዎ ነው። በማርሽ ሲይዙ የኋላውን ፍሬን መብራቱ እስኪበራ ድረስ ብቻ ነካ ያድርጉት።

የኃይሉን መጠን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ነው። በደረቅ አስፋልት ሁለቱንም ፍሬን በደንብ የያዘ ሰው፣ መያዝ ከጀመረበት አንሥቶ በ20 ሜትር አካባቢ ይቆማል። የኋላውን ፍሬን ብቻ የሚያምን ሰው ከ40 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ትንሽ ሞተር በላይኛው ማርሽ ነዳጅ ተመልሶለት ብቻ ቢተው ከ100 ሜትር በላይ ይሄዳል። «እኔ ፍሬን ብዙም አልጠቀም፣ በማርሽ ነው የማቆመው» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ ከፊቱ አይግቡበት።

አንድ በአንድ መቀነስ

አስቀድሞ ለሚታይ ማቆሚያ፣ ማለትም ለመብራት፣ ለአደባባይና ለመታጠፊያ፣ ይህን እንመርጣለን። ጥቅሙ በየትኛውም ቅጽበት ለፍጥነቱ የሚስማማ ማርሽ ውስጥ መሆንዎ ነው። መብራቱ ሳይደርሱበት አረንጓዴ ከሆነ ነዳጅ ሰጥተው ይቀጥላሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ነዳጅ መስጫውን ይመልሱ፤ የፊቱንና የኋላውን ፍሬን በዝግታ መያዝ ይጀምሩ። ፍሬኑ ይቅደም፣ ማርሹ ይከተል።
2. ፍጥነቱ ለሚቀጥለው ማርሽ ሲወርድ ፍሪሲዮኑን ጨብጠው አንድ ማርሽ ይቀንሱ። ለተለመደ የ125 ሲሲ ሞተር ከአራት ወደ ሦስት በ40፣ ከሦስት ወደ ሁለት በ25፣ ከሁለት ወደ አንድ በ10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል።
3. ፍሪሲዮኑ እንደተጨበጠ ነዳጁን ለቅጽበት ነካ አድርገው የሞተሩን ዙር ከፍ ያድርጉ።
4. ፍሪሲዮኑን በአንድ ሰከንድ ያህል፣ በተለይ መንከስ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቀስ ብለው ይልቀቁ።
5. ሊቆሙ ጥቂት ሜትር ሲቀርዎ፣ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ በፊት፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጠው አንደኛ ያስገቡና በፍሬን ይጨርሱ። አንደኛን ጎማው እየሮጠ አይልቀቁት።

ሦስተኛው እርምጃ ለምን እንደሚያስፈልግ በስሌት ይታያል። ሞተሩ በሦስተኛ ማርሽ በ40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በደቂቃ 4,800 ዙር ይዞራል እንበል። በዚያው ፍጥነት ሁለተኛ ቢገባ 6,500 አካባቢ መዞር ይኖርበታል። ሞተሩ በራሱ ወደዚያ ካልወጣ የሚያወጣው የኋላ ጎማው ነው፤ ጎማው ያንን ሲሠራ ከመንገዱ ጋር ያለውን ንክሻ ያጣል። ይንሸራተታል፣ አለዚያም ይነጥራል። ነዳጅ ነካ ማድረግ ያንን ጫና ከጎማው ላይ ያነሣል። በዚያው ስሌት ከሦስተኛ ወደ አንደኛ ተዘሎ ቢለቀቅ ዙሩ 10,500 አካባቢ ይደርሳል፤ ለብዙ ትናንሽ ሞተሮች ይህ ከቀዩ መስመር፣ ማለትም ሞተሩ ማለፍ ከሌለበት የዙር ልክ፣ በላይ ነው። ቫልቩ ለመዘጋት ጊዜ ሲያጥረው ከፒስተን ጋር ይገናኛል። የሞተሩ ራስ የሚከፈትበት ወጪ እንዲህ ይመጣል።

የፊት ፍሬን በያዘ እጅ ነዳጅ መንካት መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። ሁለት ጣት፣ አመልካችና መሀል፣ ፍሬኑ ላይ ይሁኑ፤ መዳፉና የቀሩት ጣቶች ነዳጅ መስጫውን ያዙሩት። ካልተቻለ አይጨነቁ። ፍጥነቱ በፍሬን በደንብ ከወረደ በኋላ ቀንሶ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ ለ100 እና ለ125 ሲሲ ሞተር ይበቃል። ነዳጅ መንካት የግድ የሚሆነው ትልቅ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ላይ ነው።

በዚህ ዘዴ በብዛት የሚታየው ስህተት ቸኩሎ መቀነስ ነው። ሞተሩ ሲጮህ ሰው ጥሩ እየያዘልኝ ነው ብሎ ያስባል። የሚጮህ ሞተር ማለት ግን ፍሬኑ መሥራት የነበረበትን ፍሪሲዮኑና ካቴናው (ሰንሰለቱ) እየሠሩት ነው ማለት ነው። የፍሬን ሸራ ርካሽ ነው፤ ለኋላው የሚፈለገው ጎማውን ማውጣት ነው፣ ቀልጣፋ መካኒክ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። የፍሪሲዮን ሸራ ለመቀየር ግን ዘይት ይፈሳል፣ የጎን ክዳኑ ይከፈታል፣ ጋስኬቱ ይቀየራል፤ ስፕሪንጎቹ ከደከሙ እነሱም አብረው ይሄዳሉ።

ፍሪሲዮን ጨብጦ በፍሬን ብቻ

ለድንገተኛ ማቆም ይህ ብቻ ነው ትክክሉ፤ ምክንያቱ ጊዜ ነው። ከ60 ኪሎ ሜትር በሙሉ ኃይል የሚደረግ ማቆም ከሁለት ሰከንድ ተኩል አይበልጥም። በዚያ ውስጥ ሦስት ጊዜ ማርሽ ቀንሶ ሦስት ጊዜ ፍሪሲዮን በሥርዓት የሚለቅ ሰው የለም። ለመሞከር የሚባክነው ትኩረት ደግሞ የሚሰረቀው ከፊት ፍሬኑ ነው።

ፍሪሲዮኑ ይጨበጥ፣ የኋላው ፍሬን ይረገጥ፣ የፊቱ በአንዴ ሳይሆን እየጠነከረ ይጨመቅ። መጀመሪያ የፊት ሾኩ ዝቅ እንዲል ለቅጽበት ቀለል ተደርጎ ይያዛል፤ ክብደቱ የፊት ጎማው ላይ ሲያርፍ ጎማው ብዙ ፍሬን መሸከም ይችላል፣ ያኔ ይጠነክራል። ድንገት የተነጠቀ የፊት ፍሬን ክብደቱ ሳይደርስ ጎማውን ይቆልፋል፤ «የፊት ፍሬን ይጥላል» የሚባለው ተረት የመጣው ከዚህ አያያዝ ነው። ኤቢኤስ ያለው ሞተር መቆለፉን ይከላከላል፤ በሀገራችን በብዛት የሚነዱት ትናንሽ ሞተሮች ግን የላቸውም።

እግርዎ ነፃ ከሆነ ማርሹን እየረገጡ ወደ አንደኛ ያውርዱት። ሲቆሙ አንደኛ ላይ መሆን ዋጋ አለው፤ እርስዎ ቢቆሙም ከኋላ ያለው መኪና ላይቆም ይችላል። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች በሞተር ሳይክል ደህንነት ፋውንዴሽን የጀማሪዎች ኮርስ የሚማሩትም ይኸው ነው፦ ሁለቱን ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ወደ አንደኛ። የእንግሊዝ አሠልጣኞች ደግሞ «ፍሬን ለመቀነስ፣ ማርሽ ለመሄድ» ይላሉ። ሁለቱ አነጋገራቸው ይለያይ እንጂ በማርሽ አቁም የሚል የለም።

ይህን ዘዴ ለዕለት ተዕለት ማቆሚያ የሚጠቀምም አለ፤ ክፉ አይደለም፣ ግን ሁለት ጉድለት አለው። ፍሪሲዮኑን ከሩቅ የጨበጠ ሰው ለዚያ ሁሉ ርቀት ከሞተሩ ተቆርጧል፤ ድንገት መሸሽ ቢያስፈልገው የትኛው ማርሽ ላይ እንዳለ አያውቅም። ሌላው ማርሹን ሳይረግጥ ረስቶ በአራተኛ መቆሙ ነው። ቆሞ ሲረግጥ ማርሹ እምቢ ይላል። የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጥርሶች የሚገቡት እየተሽከረከሩ ሲገናኙ ነው፤ ሞተር ሳይክሉ ሲቆም ጥርስ ከጥርስ አናት ጋር ተገጣጥሞ ይቀራል። በኃይል መርገጥ የማርሽ መርገጫውን ዘንግ ያጣምማል እንጂ አያስገባም። መፍትሔው ፍሪሲዮኑን ነክሶ እስኪላወስ ለቀቅ እያደረጉ መርገጥ፣ ወይም ሞተሩን ፊትና ኋላ እያወዛወዙ መርገጥ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ጎማው ገና ሲንከባለል ጨርሶ ማውረድ ነው።

ሁለት ማርሽ ዘሎ መልቀቅ

ከአምስተኛ በፍሬን ወርዶ፣ በመጨረሻ ሦስተኛን ወይም ሁለተኛን በአንዴ መልቀቅ። መታጠፊያ ላይ የሚመች ነው፤ ፍሪሲዮኑ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው፣ ፍጥነቱም ቀድሞ በፍሬን ወርዷል። ችግሩ መቁጠር ነው። ሁለት ረገጥኩ ብሎ ሦስት የረገጠ ሰው ሲለቅ የኋላ ጎማው ያፏጫል። የማርሽ ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ የሌለው ሞተር ለያዘ ጀማሪ አንመክረውም።

ዜሮ ማርሽ አስገብቶ መንሳፈፍ

ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ የሚደረግ ነው። ኢንጄክሽን ባላቸው ሞተሮች ስሌቱ ተገላቢጦሽ ነው፦ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሲመለስ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይቆርጣል፣ ዜሮ ላይ ግን ሚኒሞውን (ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) ለማቆየት ይረጫል። በካርቡራተር ትንሽ ቁጠባ ሊገኝ ይችላል፤ ያ ትንሽ ቁጠባ ከቁልቁለት መሀል «ማርሽ እንዴት ልመልስ» ከሚል ድንጋጤ ጋር አይመዛዘንም።

ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ የባሰ ነው። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች የፊት መብራቱ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ስለሆነ ማታ አብሮ ይጠፋል። ማርሽ ውስጥ እንዳለ ቁልፉን አጥፍቶ የሚወርድ ሰው በካርቡራተሩ የሚሳበው ያልተቃጠለ ቤንዚን ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ውስጥ ይጠራቀምበታል፤ ከታች ቁልፉን ሲመልስ በአንዴ ይፈነዳል። ድምፁ ያስቃል፣ የተቀደደው ማርሚታ ግን አያስቅም።

(በማርሽ ሲይዙ ማርሚታው ላይ የሚሰማው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሌላ ነገር ነው፤ ትንሽ ከሆነ ጉዳት የለውም። ከበዛ የማርሚታው መጋጠሚያ አየር እየሳበ ወይም ካርቡራተሩ ቤንዚን እያሳነሰ ስለሆነ ይታይ።)

ቁልቁለት ላይ ስሌቱ ይገለበጣል

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን ያስቡ፤ 20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች። ሞተሩ፣ ሰውና ጭነቱ 200 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በ1,000 ሜትር ውስጥ መጥፋት ያለበት ጉልበት ስድስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ይህን ሁሉ ሙቀት ሁለት ትናንሽ ፍሬኖች ላይ መጫን ይቻላል፤ ግን ይቃጠላሉ።

ታምቡር ፍሬን ሲግል ታምቡሩ ይሰፋል፣ ሸራው ደግሞ ከውስጥ ነው የሚገፋው፤ ስለዚህ እጀታው ወይም መርገጫው ከወትሮው እየራቀ ይሄዳል። ሸራው ራሱም ሲግል መንከሱን ይተዋል። ዲስክ ፍሬን በቶሎ ይቀዘቅዛል፤ የሱ ድካም ዘይቱ ነው። ዶት 3 እና ዶት 4 የፍሬን ዘይት ዓይነቶች ናቸው፤ አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ፣ ዶት 4 በ230 ዲግሪ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ፣ ሲያረጅ ዶት 3 ወደ 140፣ ዶት 4 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ እጀታው ያለ ተቃውሞ እስከ መሪው ይመጣል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ማርሹ የሚመረጠው ከአፋፉ ላይ፣ ፍጥነት ሳይጨምር ነው። ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። ለከባድ መኪና የወጣ መመሪያ ቢሆንም ለሞተርም መነሻ ይሆናል። ትክክለኛው መለኪያ ግን ይህ ነው፦ ነዳጅ ተመልሶ ፍጥነቱ ባለበት የሚቆም ወይም በጣም ቀስ ብሎ ብቻ የሚጨምር ከሆነ ማርሹ ልክ ነው። እየጨመረ ከሄደ በፍሬን መጀመሪያ ይቀንሱ፣ ከዚያ አንድ ማርሽ ይውረዱ። ሞተሩ ከቀዩ መስመር ግማሽና ሁለት ሦስተኛ መካከል ቢጮህ ምንም አይሆንም፤ የተሠራው ለዚያ ነው።

ፍሬኑ ከዚያ በኋላ ለመታጠፊያ ብቻ ይሆናል፦ ጠንከር አድርጎ ከ50 ወደ 35 ማውረድ፣ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ መስጠት። ለስላሳ አድርጎ ያለማቋረጥ መያዝ ነው ፍሬን የሚያቃጥለው። ከሁሉ የከፋው ሳይታወቅ የሚደረገው ነው፤ ቦቲ ጫማ ያደረገ እግር በኋላ ፍሬን መርገጫ ላይ አርፎ አሥር ኪሎ ሜትር ይወርዳል። የተቃጠለ ሸራ ከሸተተዎ ወይም እጀታው ከራቀ፣ ማርሽ ቀንሰው ዳር ይዘው ይቁሙና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያሳርፉት። በጋለ ታምቡር ወይም ዲስክ ላይ ውሃ አያፍሱ፤ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል።

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ አንድ የሚጨመር አለ። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ የመሳብ ትግል ይቀንሳል፤ ማርሹ ቆላ ላይ የሚይዘውን ያህል አይዝም። ጭጋግም ስለማይጠፋው አንድ ማርሽ ዝቅ ብሎ መጀመር ይሻላል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ያለው አጭር ቢሆንም፣ በየመሀሉ ሰውና ታክሲ ስለሚያስቆም ፍሬኑ የማረፊያ ጊዜ አያገኝም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ እንጂ አራተኛ የሚያስገባ አይደለም።

ሲረጥብ፣ ሲዘፍቅ፣ ሲጫን

ኮብልስቶን ሲረጥብ፣ በተለይ በመጀመሪያው ዝናብ ከድንጋዩ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ሲነሣ፣ የኋላ ጎማው የሚችለው ንክሻ ትንሽ ነው። እዚህ በማርሽ አጥብቆ መያዝ የኋላ ፍሬንን ድንገት ከመርገጥ አይለይም። አንድ ማርሽ ከፍ ብሎ መሄድ፣ ቀድሞ መቀነስ፣ ፍሪሲዮኑን ከደረቁ ጊዜ በእጥፍ ቀስ ብሎ መልቀቅ። ማርሽ ቀንሰው የኋላው ከሸሸብዎ ወዲያው ፍሪሲዮኑን ይጨብጡ፤ ጎማው ከሞተሩ ሲለያይ መሽከርከር ይጀምራል፣ ሞተሩም ይቃናል። የኋላው የተቆለፈው በፍሬን ከሆነ ግን ፍሪሲዮን አይረዳም፤ መርገጫውን ነው ማላላት።

ጭቃ ወይም ጠጠር ያለበት ቀጥ ያለ ቁልቁለት የተለየ ነው። አንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ተለቆ፣ ነዳጅ ተመልሶ። ጎማው ስለማይቆለፍ ቀስ እያለ እየተንከባለለ ይወርዳል። እዚህ ፍሪሲዮን የጨበጠ ሰው ሞተሩ ይለቀውና ይሮጣል፤ ደንግጦ የፊቱን ሲይዝ ይወድቃል።

ሰው ወይም ጭነት ከኋላ ሲኖር የኋላ ጎማው ክብደት ስለሚያገኝ የኋላ ፍሬንም ማርሽም ከወትሮው አብልጠው ይሠራሉ። ነገር ግን የማቆሚያ ርቀት ይረዝማል፤ ጭነቱ በደንብ ካልታሰረ ደግሞ በእያንዳንዱ ፍሪሲዮን አለቃቀቅ ወደ ፊት ይገፋዎታል።

ሞተሩ ምን ዓይነት ነው?

ባለ ሁለት ምት፦ ያማሃ ዲቲ 125 ወይም ኤጂ 100 የመሳሰሉ፣ በገጠር ፕሮጀክቶች ያረጁ ሞተሮች። በማርሽ ሲያዙ ደካማ ናቸው፤ ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሞተሩን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ወይም ከነዳጅ መስጫው ጋር በተያያዘ ፓምፕ ነው። ነዳጅ ተዘግቶ በከፍተኛ ዙር ለረጅም ጊዜ ሲወርዱ ዘይቱም ያጥራል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። በየጥቂት ሰከንዱ ፍሪሲዮን ጨብጠው ነዳጅ ነካ ያድርጉለት፤ የቀረውን ፍሬን ይሥራው።

ስሊፐር ፍሪሲዮን ያላቸው፦ ዶሚናር 400፣ ኬቲኤም ዱክ 390፣ አዲሶቹ ያማሃ አር15። ጎማው ሞተሩን ከልክ በላይ ሲገፋ ፍሪሲዮኑ በራሱ ይንሸራተትና ጫናውን ያላላል። የኋላው መንጠር ይቀንሳል፤ ከቀዩ መስመር በላይ መርገጥን ግን ሙሉ በሙሉ አያድንም።

የፍሪሲዮን እጀታ የሌላቸው ባለ ማርሽ ትናንሽ ሞተሮች፦ ፍሪሲዮኑን የሚከፍተው የማርሽ መርገጫው ራሱ ነው። ረግጠው ይያዙት፣ ነዳጅ ነካ ያድርጉ፣ እግርዎን ቀስ ብለው ያንሡ። ማርሹ ክብ የሚዞርበት ዓይነት ከሆነ ከአራተኛ ቀጥሎ ዜሮ፣ ከዚያም አንደኛ ይመጣል፤ እየሄዱ እንዳይረግጡት። የመርገጫው አቅጣጫም ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ በአንዳንዶቹ አንደኛ ብቻ ታች ሆኖ የቀሩት ላይ ናቸው፣ በሌሎቹ ሁሉም በፊት እግር ተረግጠው በተረከዝ ይቀነሳሉ። የሰው ሞተር ሲበደሩ መጀመሪያ ቆመው ይሞክሩት።

ስኩተር፦ ማርሽ የለውም፤ ነዳጅ ሲመለስ ትንሽ ይይዛል፣ ፍጥነቱ በጣም ሲወርድ ግን አውቶማቲክ ፍሪሲዮኑ ስለሚለቅ መያዙ ድንገት ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ሞተሮች ባትሪ እየሞሉ የሚይዙበት ሥርዓት ሊኖራቸው ይችላል፤ ባትሪው ሙሉ ሲሆን ግን መያዙ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ከአፋፍ ላይ ቻርጅ አድርጎ የሚነሣ ሰው ይህን ይወቅ።

ከመንገድ በፊት የሚታዩ

የፍሪሲዮን እጀታ ጫፍ በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ባዶ መጫወቻ ይኑረው። ካጠረ ፍሪሲዮኑ ሙሉ አይዝም፣ ይንሸራተታል፤ ከበዛ ሙሉ አይለቅም፣ ማርሹ እየጮኸ ይገባል። ካቴናው መሀሉ ላይ ሲነካ ለመንገድ ሞተር ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይወዛወዝ፤ ለረጃጅም የገጠር ሞተሮች ከዚያ በላይ ነው፣ ልኩ በመመሪያው ላይ አለ። የላላ ካቴና በማርሽ ሲይዙና ነዳጅ ሲሰጡ ቃ ብሎ ይመታል፤ በጣም ከላላ ከጥርሱ ወጥቶ የኋላ ጎማውን ይቆልፋል። የኋላ ፍሬን ታምቡር ላይ ቀስት ካለ፣ ፍሬኑ ተረግጦ ቀስቱ ከምልክቱ ካለፈ ሸራው አልቋል። የፍሬን መብራቱ በእጅም በእግርም መብራቱን ይመልከቱ፤ አንዱ ብቻ የሚሠራበት ሞተር ብዙ ነው።

ልምምዱ ቀላል ነው። ባዶና ደረቅ አስፋልት ላይ 100 ሜትር ያህል ይፈልጉ፣ አንድ ድንጋይ ዳር ላይ ያስቀምጡ። በሦስተኛ ማርሽ 40 ላይ ሲደርሱ ከድንጋዩ ጀምረው ፍሪሲዮን ጨብጠው በሁለቱ ፍሬን ይቁሙ፤ ፍሪሲዮኑን ነካ አድርገው ሲለቁ ያለ መንቀጥቀጥ ከተነሣ አንደኛ ላይ ነዎት። የቆሙበትን በእርምጃ ይለኩ። ከዚያ በዚያው ፍጥነት አንድ በአንድ እየቀነሱ ይቁሙ፤ በሁለተኛው ልቀት ሰውነትዎ ወደ ፊት ከተገፋ ፍሪሲዮኑ ፈጥኗል ወይም ማርሹ ቀድሟል። ሰውነትዎ ሳይነቃነቅ እስኪቆሙ ይደጋግሙት፤ ርጥቡን መንገድ ከዚያ በኋላ በ20 ይጀምሩ።